ጆን ዌይን ራሱን ብቻ ነው የሚጫወተው?

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የወጣቶች የድራማ ክበብ አስተባብራለሁ። ለትወና ትምህርት የጆን ዌይንን የካውቦይ ፊልሞች ላሳያቸው ብል ልጆቹ «እሱማ በየፊልሙ አንድ ሰው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው? ላሳይስ ብል የትኛውን?

መልስ፦ በከፊል እውነት አላቸው። ጆን ዌይን አነጋገሩንም አረማመዱንም አይቀያይርም። ሲሞክርም አያምርበት፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በ«ዘ ኮንከረር» ጄንጊስ ካንን ሲሠራ ያ ያጌጠ ንግግር አፉ ላይ አልቀመጥ ብሎታል። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ነው፤ እርጅናን፣ ምሬትንና ዝምታን ሲጫወት የሚደርስበት ጥቂት ነው።

በ«ሬድ ሪቨር» (1948) ይጀምሩ። ታሪኩ 14 ዓመት ይዘልና ወጣቱ ከብት አርቢ ግትርና አስፈሪ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል፤ ቀረጻው ላይ ዌይን ገና 39 ዓመቱ ነበር። ያሳደገው ልጅ መንጋውን ነጥቆት ሲሄድ እንደሚገድለው የሚነግረው ሳይጮህ ነው። ቀጥሎ በ«ዘ ሰርቸርስ» (1956) በኮማንቼዎች (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው) ተማርከው የተመለሱትን ሴቶች አይቶ ሊወጣ ሲል ዞር የሚልበትን ቦታ ያሳዩ። ካሜራው ወደ ፊቱ ይጠጋል፤ አንዲት ቃል አይወጣውም፤ ጥላቻው ግን ዓይኑ ላይ ይነበባል። (መጨረሻው ላይ በር ቆሞ በግራ እጁ ቀኝ ክንዱን የሚይዘው ለቀድሞው የካውቦይ ተዋናይ ለሃሪ ኬሪ መታሰቢያ ነው። አቋቋሙ የኬሪ ነበር።)

ለልምምድ የሚበጀው ግን «ሺ ዎር ኤ የሎው ሪበን» (1949) ነው። ጡረታ ሊወጣ ለተቃረበው ሻምበል ወታደሮቹ የብር ሰዓት ይሰጡታል። የተቀረጸውን ለማንበብ መነጽሩን ማውጣት አለበት፤ እርጅናውም፣ ሊያፍነው የሚሞክረው ስሜትም በዚያች እንቅስቃሴ ይወጣል። ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው፣ ቀጥሎ ከፍተው ያሳዩ። ከዚያ ለአንዱ ልጅ ሰዓትና መነጽር ይስጡትና ያለ ንግግር ይሥራው። ብዙዎቹ ቶሎ ያለቅሳሉ ወይም ፊታቸውን ያኮማትራሉ፤ ያኔ ትዕይንቱ ይሞታል። «ማልቀስህን ተወው፣ ጽሑፉን አንብብ» ይበሏቸው።

አንድ ነገር አደራ፦ በአማርኛ ተራኪ የተተረጎመውን ቅጂ አይጠቀሙ። ተራኪው ዝም የተባለበትን ቦታ ሁሉ በወሬ ይሞላዋል፤ ዌይን ደግሞ የሚሠራው እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው። ዋናውን ድምፅ ይያዙ፤ ከቻሉ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር፣ ካልቻሉም ታሪኩን አስቀድመው በአጭሩ ይንገሯቸው።

ኦስካር ያገኘበትን «ትሩ ግሪት» (1969) ለመጨረሻ ያቆዩት። ጥሩ ፊልም ነው፤ ሆኖም ዌይን እዚያ ሆን ብሎ አጋንኖ ይጫወታል። ቀድመው ካዩት ልጆቹ የዓይን መሸፈኛውንና ድምፁን መቅዳት ይጀምራሉ፤ ከዚያ መልሶ ወደ መነጽሩ ማምጣት ከባድ ነው።