መልስ፦ የማሲንቆ ቅጂን ወደ ጩኸት ሙዚቃ ስለመለወጥ

ወንድሜ፣ ከድሮ ካሴት ያገኘኸውን በአምባሰል ቅኝት የተመታ ማሲንቆ ቆራርጠህ የጩኸት ሙዚቃ (ከዜማ ይልቅ በሸካራና በተዛባ ድምፅ የሚሠራ ሙዚቃ) ብትሠራበት ዋናውን ማርከስ ይሆናል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አይሆንም እላለሁ፤ ግን ከመንካትህ በፊት ደጋግመህ አድምጠው።

እኔም እዚሁ ደሴ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ድምፁን ከዳር እስከ ዳር አጉልቼ አዛባሁት፤ ከየትኛውም ማሽን ሊወጣ የሚችል ጉምጉምታ ብቻ ቀረ፣ ማሲንቆው ጠፋ። በኋላ ዜማውን ትቼ የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲፍቅ፣ አቅጣጫ በሚቀይርባት ቅጽበት የሚሰማውን ሸካራ ድምፅ ለብቻው ቆረጥሁ። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሰው ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል (ያው ድምፅ በወፍራሙ ይሰማል)፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል። ያ ፍቅታ መጅ ወፍጮ ላይ ሲሄድ ይመስላል! ከሥሩ የአምባሰልን ማሳረፊያ ድምፅ ሳትነካው ተወው፤ ሰሚው መነሻውን የሚያውቀው በእርሱ ነው። የካሴቱንም ሽሽታ አታጽዳው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 እ.ኤ.አ. የባቡር ድምፅ ቀርጾ፣ ቴፕ ሳይሆን ሸክላ እየደጋገመ ሙዚቃ አድርጎታል።

ፈቃዱን ግን በቀላሉ አትለፈው። ቅኝቱ የሕዝብ ነው፤ ቅጂው ግን የተጫዋቹና የአሳታሚው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሁለቱም መብት ይሰጣል። ተጫዋቹ በሕይወት ካሉ ቤታቸው ሂድ፣ መጀመሪያ የራሳቸውን፣ ቀጥሎ ያንተን አሰማቸው።