ከልክ ያለፈ ጭነትና ተጨማሪ ክፍያው፤ ለጎንደር አስመጪዎች ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የሰሊጥ ማበጠሪያ፣ የዘይት መጭመቂያ፣ ጀነሬተርና የብረታ ብረት ሥራ ማሽን ከውጭ የምታስመጡ የጎንደርና የአካባቢዋ ነጋዴዎች ከልክ ስላለፈ ጭነት፣ ማለትም ከኮንቴይነር ልክ ስለሚተርፍ ዕቃ፣ ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች፣ በዕቃ አስተላላፊነት ሥራ ላይ እንዳለ ሰው፣ እንደሚከተለው እመልሳለሁ። የመርከብ ድርጅቶች ታሪፍ ስለሚለያይና ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር የገንዘብ መጠን አልጠቅስም። አሠራሩን የተረዳ ሰው ታሪፉን ጠይቆ በራሱ ሊያሰላ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማሽኔ ከኮንቴይነሩ ወርድ የሚተርፈው በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ለምን ይህን ያህል ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል?

መልስ፦ ክፍያው የሚሰላው በሴንቲሜትሩ ሳይሆን ዕቃው መርከቡ ላይ በሚያባክነው ቦታ ነው። የኮንቴይነር የውጭ ወርድ 2.44 ሜትር ያህል ሲሆን መርከቡ ላይ ኮንቴይነሮች በጣም ተቀራርበው ይደረደራሉ። ፍላት ራክ (የጎን ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ኮንቴይነር) ላይ የተጫነ ማሽን ወርዱ 2.60 ሜትር ከሆነና መሐል ላይ ከተቀመጠ በግራም በቀኝም ስምንት ስምንት ሴንቲሜትር ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት በሁለቱም ጎን ያለው ቦታ ሌላ ኮንቴይነር ሊያርፍበት አይችልም። ቁመቱም ካለፈ ከላዩ የሚደረበው ቦታ ይዘጋል። የመርከብ ድርጅቱ የእነዚህን ባዶ የቀሩ ቦታዎች ኪራይ ከእርስዎ ላይ ይጠይቃል፤ ከዚህ በተጨማሪ የማሰሪያና የልዩ ማንሻ ወጪ አለ። ስለዚህ ለአምራቹ መቅረብ ያለበት ጥያቄ «የትኛው ክፍል ቢፈታ ወርዱ ከ2.44 ሜትር በታች ይሆናል?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ከልክ የሚያሳልፈው በብሎን የታሰረ የሞተር ማቀፊያ ወይም የጎን መሰላል ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ የማበጠሪያው ቁመት 2.60 ሜትር ነው። ሻጩ ባለ 40 ጫማ ሃይ ኪዩብ (ከመደበኛው ከፍ ያለ) ኮንቴይነር ይበቃዋል ይላል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት። የሃይ ኪዩብ የውስጥ ቁመት 2.69 ሜትር ያህል ቢሆንም የበሩ ቁመት ግን 2.58 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዕቃው የሚገባው ደግሞ በበሩ ነው። በዚያ ላይ 2.60 ሜትር የተባለው የማሽኑ ቁመት ይሁን የእንጨት ሳጥኑ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካታሎግ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑ ብቻ ነው። ፎርክሊፍት የሚያነሳበትንም ክፍተት ጨምረው ያስቡ። የላይኛው ማፍሰሻ ካልተፈታ አማራጩ ጣሪያው ክፍት የሆነው ኦፕን ቶፕ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንቴይነር ስለማልሞላ ከሌሎች ጋር ተጋርቼ ነው የምጭነው። ይህ ጉዳይ እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ በሌላ መንገድ ይመለከትዎታል። በጋራ ጭነት አንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ቶን ጋር ይነጻጸርና በበለጠው ይከፈላል። 3.20 በ1.80 በ1.90 ሜትር የሆነ፣ 4 ቶን የሚመዝን ሳጥን 10.94 ሜትር ኩብ ስለሚሆን የሚከፈለው በ4 ሳይሆን በ10.94 ነው። ማፍሰሻው ተፈትቶ በዚያው ሳጥን ውስጥ ቢገባና ቁመቱ ወደ 1.40 ቢወርድ 8.06 ሜትር ኩብ ይሆናል። በአየር ለሚመጣ መለዋወጫም ተመሳሳይ ነው፤ በተለመደው አሠራር ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር ተባዝተው ለ6000 ይካፈሉና ውጤቱ በኪሎግራም ከትክክለኛው ክብደት ጋር ተነጻጽሮ በበለጠው ይከፈላል።

ጥያቄ፦ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ሻጩ «ተጨማሪ ክፍያ መጥቷል» ብሎ ጻፈልኝ። የሚከፍለው ማን ነው?

መልስ፦ ውሉ ኤፍኦቢ (ሻጩ ዕቃውን በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ የሚያስረክብበት) ከሆነ የባሕር ማጓጓዣውና ተጨማሪው ክፍያ የገዢው ነው። ሲኤፍአር (ዋጋው ማጓጓዣን የሚጨምር) ወይም ሲአይኤፍ (ማጓጓዣንና መድንን የሚጨምር) ጅቡቲ ከሆነ እስከ ጅቡቲ ያለው ማጓጓዣ የሻጩ ስለሆነ የተሳሳተ ልኬት ሰጥቶ ያመጣውን ልዩነት ወደ እርስዎ ሊያዞር አይገባም። ፍላት ራክ ላይ የማሰሩ ወጪ ግን በኤፍኦቢ ሁልጊዜ ያከራክራል፤ በፕሮፎርማው (ሻጩ አስቀድሞ በሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ኤልሲ (ባንክ ሰነድ ተመልክቶ ለሻጩ የሚከፍልበትን የክፍያ ዋስትና) የምትከፍቱ በተለይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። ከልክ ያለፈ ጭነት ብዙ ጊዜ የሚጫነው የመርከቡ ደርብ (ክፍት የሆነው የላይኛው ወለል) ላይ ነው። ኤልሲ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ በአንቀጽ 26 ዕቃው ደርብ ላይ እንደተጫነ ወይም እንደሚጫን የሚገልጽ የማጓጓዣ ሰነድ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። ሊጫን ይችላል የሚል ቃል ብቻ ከሆነ ግን አያስከለክልም። በመሆኑም ዕቃው በፍላት ራክ የሚመጣ ከሆነ ኤልሲው ሲከፈት ደርብ ላይ መጫን የተፈቀደ መሆኑ እንዲጻፍበት ባንክዎን ይጠይቁ፤ አለዚያ ሰነዱ ጉድለት አለበት ተብሎ ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ እርስዎ ባንክ ደጃፍ ይመላለሳሉ። የመድን ድርጅቱም በጽሑፍ ይወቀው፤ «ሲ» የሚባለው ጠባቡ የባሕር መድን ሽፋን ማዕበል ጠርጎ የወሰደውን ዕቃ አይክስም። ያው የዩሲፒ 600 አንቀጽ 26 ከማጓጓዣ ዋጋው ሌላ ተጨማሪ ክፍያ በሰነዱ ላይ መጠቀሱን ስለሚፈቅድ ለዚህ አይስጉ።

ጥያቄ፦ በተጨማሪው ክፍያ ላይ ቀረጥ ይታሰብበታል?

መልስ፦ የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ ዕቃው እስከ መጀመሪያው የአገር መግቢያ ድረስ ያለውን የማጓጓዣና የመድን ወጪ ስለሚያካትት፣ የባሕሩ ተጨማሪ ክፍያ ይታሰብበታል። ከመግቢያው ወዲህ ያለው የየብስ ማጓጓዣ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኙ ሁለቱን ለይቶ እንዲያሳይ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጎንደር ድረስ በሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ባለ ከባድ ጭነት ተሽከርካሪ) ማምጣት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ወጪው ከባሕሩ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። በሚሌና በወልድያ አድርጎ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ የሚመጣው መንገድ ቢያጥርም ዳገቱና ጥምዝምዙ ለረጅም ጭነት ከባድ ነው፤ በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት አለ። የሎቤዱ ባለንብረት የጭነቱን ርዝመትና ከመሬት ያለውን ጠቅላላ ከፍታ፣ የሎቤዱ ወለል ተጨምሮ፣ አውቆ ዋጋ እንዲሰጥ ያድርጉ። ማራገፊያውን አዘዞ አካባቢ ማድረግ ፒያሳ ድረስ ከመግባት በእጅጉ ይሻላል። የልዩ ኮንቴይነሮች ነጻ (ክፍያ የማይጠየቅበት) የቆይታ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛው ስለሚያንስ ሎቤዱ የሚፈለገው ዕቃው ገና ባሕር ላይ ሳለ ነው።

ጥያቄ፦ የመርከብ ድርጅቱ ልኬቴን አልቀበልም ብሎ በራሱ ልኬት ቢያስከፍለኝስ?

መልስ፦ ዳግም የመለካት መብት አለው፤ እርስዎም የልኬቱን ሪፖርትና ፎቶግራፍ የመጠየቅ መብት አለዎት። አንድ ደንበኛዬ ይህን ክርክር ያሸነፈው ሻጩ ከፋብሪካው ሳይወጣ በላከለት ፎቶግራፍ ነበር፤ ሜትሩ በሳጥኑ ወርድ ላይ ተዘርግቶ፣ ቁጥሩ እየተነበበ፣ የሳጥኑም መለያ ቁጥር አብሮ ይታይ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ወደብ ላይ የለካው ሰው የማሰሪያውን ሰንሰለት ጨምሮ በመለካቱ ነበር። የክብደት ክርክር ሲነሳ ደግሞ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላኪው የታሸገ ኮንቴይነርን የተረጋገጠ ክብደት ሳያሳውቅ መርከብ ላይ መጫን ስለማይቻል፣ የዚያን ሰነድ ቅጂ ከሻጩ ጠይቀው ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) እና ከፓኪንግ ሊስቱ (የዕቃ ዝርዝሩ) ጋር ያመሳክሩት።