ምጣዱ ሲሰካ ሳሎኑ የሚደበዝዘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ 20 ሜትር ያህል ይርቃል። ምጣዱን ስሰካ የሳሎኑ አምፖል ይደበዝዛል፤ ምጣዱም እንደ ድሮው ቶሎ አይግልም። ስፒናው ደግሞ እጅ ያቃጥላል። አንዴ ቀልጦ አዲስ ገጠምኩ፤ ወር ሳይሞላው እሱም ጠቆረ። የጠራሁት ሠራተኛ ሶኬቱን ለክቶ «220 አለ፣ መብራትሽ ደህና ነው» ብሎኝ ሄደ። ጎረቤቴ ብሬከሩን በትልቅ ቀይሪው ትለኛለች፤ ወንድሜ ስታቢላይዘር ግዢ ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አይስሙ። ትልቁ ብሬከር ቤት ያቃጥላል፤ ስታቢላይዘሩም ገንዘብዎን በልቶ ችግሩን ያብሳል። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ግን ያ የጠቆረ ስፒና ዛሬውኑ ይነቀል። ሶኬቱም እስኪቀየር ምንም አይሰካበት።

ሠራተኛው አልዋሸም፤ በእርግጥ 220 አይቷል። ያየው ግን ምጣዱ ተነቅሎ ሳለ ነው። ሥራ ላይ ያልዋለ መስመር ሁልጊዜ ደህና ይመስላል። የዲጂታል መልቲሜትር (ሠራተኞች የሚይዙት መለኪያ) የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንት እንዳያልፍ የሚገድብበት መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም (10 ሚሊዮን ኦም) ስለሆነ ከ220 ቮልት መስመር የሚስበው 22 ማይክሮ አምፒር (የአምፒር ሚሊዮንኛ) ብቻ ነው። መንገዱ ላይ 1000 ኦም የሚያህል የተበላሸ ማያያዣ ቢኖር እንኳ በዚህ ከረንት (በሽቦው በሚፈሰው ኤሌክትሪክ) የሚቀንሰው 0.022 ቮልት ነው፤ መለኪያው ምንም ሳይታወቀው 220 ይላል። በዚያው መስመር ላይ ምጣድ ቢሰካ ግን ለብ እንኳ አይልም። ስለዚህ መለካት ያለበት ምጣዱ በርቶ እየሠራ ነው። ይህን የማያደርግ ባለሙያ ሲገጥምዎ ሌላ ይፈልጉ።

አሁን መንገዱን እንከተል። ከረንቱ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ተነሥቶ በምሰሶው ገመድ፣ በቆጣሪው፣ በብሬከሩ፣ ወደ ማድቤት በሚሄደው ሽቦ፣ በሶኬቱና በስፒናው አልፎ ምጣዱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በመመለሻው ሽቦ በኒውትራሉ በኩል ያንኑ ሁሉ ይመለሳል። (በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ነው የሚሄደው፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ለውጥ አያመጣም።) መንገዱ አንድ ስለሆነ እያንዳንዱ ሽቦ፣ እያንዳንዱ ብሎን የሚሸከመው ከረንት እኩል ነው። ቮልቴጁን ግን እኩል አይካፈሉትም። ሬዚስታንስ የበዛበት ብዙ ይወስዳል፤ የወሰደውንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ይኸው ነው፤ ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ።

ምጣድዎ ስንት ዋት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ 3500 ነው እንበል። በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሬዚስታንሱም 14 ኦም አካባቢ ነው ማለት ነው። በዚህ መንገድ ላይ 1 ኦም ብቻ የሆነ ትርፍ ሬዚስታንስ ቢገባ ከረንቱ ወደ 15 አምፒር ይወርዳል፤ 15 ቮልቱ እዚያው ቀርቶ ለምጣዱ 205 ይደርሰዋል። የምጣዱ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚወርድ 3500 የነበረው ወደ 3000 ዋት ይጠጋል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲልዎ ሊጡን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ያስቡ።

የቀረው 15 ቮልትስ? በ15 አምፒር ሲባዛ 225 ዋት ነው። በ20 ሜትር ሽቦ ላይ ቢበተን ማንም አያስተውለውም። ጣት በማታክል የሶኬት ናስ ላይ ሲሰበሰብ ግን ፕላስቲክ ያቀልጣል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል እጅ እንዴት እንደሚያቃጥል ያውቁታል፤ ስፒናዎን ለማጥቆር የዚያን ያህል ሙቀት ይበቃል።

አዲሱ ስፒና ለምን እንደጠቆረም ከዚህ ይወጣል። ሶኬቱ ውስጥ ስፒናውን ጨምቆ የሚይዘው ናስ አንዴ ከተቃጠለ ጉልበቱን ያጣል፣ ፊቱም ኦክሳይድ ይለብሳል። ልል ስለሆነ ይሞቃል፣ ስለሞቀ ይበልጥ ይላላል። እርስዎ ስፒናውን ቀየሩ፤ በሽተኛው ሶኬት ግን ግድግዳው ላይ ቀረ። ሁልጊዜ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ።

እስካሁን ያልኩት ግን የሳሎኑን አምፖል አይመለከትም። የርስዎ ደብዳቤ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የማድቤቱ ስፒና ላይ የሚቀር ቮልቴጅ ምጣዱን ብቻ ነው የሚያስርበው፤ ሳሎኑ አይሰማውም። አምፖሉ የሚደበዝዘው እሱና ምጣዱ በጋራ የሚጠቀሙበት የመንገዱ ክፍል ላይ ቮልቴጅ ሲቀር ነው። ስለዚህ ያለብዎት ችግር ሁለት ነው፤ አንዱ ማድቤት ውስጥ፣ ሌላው ከዚያ በፊት። ስፒናና ሶኬት ቀይሮ የሚሄድ ሠራተኛ ግማሹን ብቻ ሠርቶ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ቀላል ሙከራ ያድርጉ፦ የማድቤቱን ብሬከር ያጥፉ። ሳሎኑም አብሮ ከጠፋ፣ አንድ ሰው የማድቤቱን መስመር ከሳሎኑ ሶኬት ቀጥሎ ወስዶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በየግቢው ሞልቷል፤ ቤቱ ሲሠራ ማድቤቱ አልነበረም፣ በኋላ ሲጨመር በአቅራቢያ ካለው ሶኬት ይቀጠላል። ያኔ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሣ የራሱ መስመር ይዘርጋ።

ሳሎኑ ካልጠፋ መስመሮቹ የሚለያዩት ሳጥኑ ላይ ነው። ለመለካት ሳጥን መክፈት አይጠበቅብዎትም፣ እንዲከፍቱም አልመክርም። ለፍሪጅ መጠበቂያ የሚሸጠው፣ ቮልቴጁን በቁጥር የሚያሳየው ዕቃ ይበቃል። ሳሎን ውስጥ ሌላ ዕቃ ሁሉ ይነቀልና እሱ ብቻ ይሰካ። በሳሎኑ ሽቦ ከረንት ስለማይሄድ በመንገድ የሚቀር ቮልቴጅ የለም፤ ስለዚህ ሳሎን ተቀምጠው የሚያነቡት ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። ይህች ዘዴ ለእኛም ብዙ ድካም ትቀንስልናለች። ሶኬቱ ከተቀየረ በኋላ ማድቤት ላይም እንዲሁ ይለካ፤ አዲሱ ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ቢሆን በአንዱ ምጣዱን፣ በሌላው ማሳያውን መሰካት ይቻላል።

ለምሳሌ ምጣዱ ሲጠፋ ሁለቱም ቦታ 221፣ ሲበራ ሳሎን 212፣ ማድቤት 199 አነበቡ እንበል። 9 ቮልት ከሳጥኑ በፊት ቀርቷል፤ 13 ቮልት ደግሞ ከሳጥኑ እስከ ማድቤት። የሁለተኛውን እንመርምር። አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.017 ኦም ገደማ አለው። ባለ 2.5 ሽቦ 20 ሜትር ሄዶ 20 ሲመለስ 0.27 ኦም ይሆናል፤ በ14.4 አምፒር 4 ቮልት ያስቀራል። ይህ የሽቦው ድርሻ ነው። ቀሪው 9 ቮልት ልል ብሎን፣ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ ወይም የተቃጠለ ብሬከር ላይ ተቀምጦ 130 ዋት ያህል እያሞቀ ነው። ባለሙያው ምጣዱ እየሠራ የብሬከሩን መግቢያና መውጫ በመልቲሜትሩ ሁለት ጫፍ ቢነካ፣ ጤነኛ ከሆነ አንድ ቮልት የማይሞላ ቁጥር ያያል። ሦስት አራት ካየ ብሬከሩ ይጣል።

ከሳጥኑ በፊት ያለውን በተመለከተ የቁጥሩን ጠባይ ይመልከቱ። ወርዶ ጸንቶ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀጭን ወይም ረጅም ገመድ ነው። እየዘለለ ከተንቀጠቀጠ ልል ማያያዣ አለ፤ ከምሰሶ የሚመጣው የአሉሚኒየም ገመድ ከመዳብ ጋር በባዶ እጅ ተጠምዝዞ የታሰረበትን ቦታ እጠረጥራለሁ። ሁለቱ ብረቶች እንዲህ ሲነካኩ መጋጠሚያው በእርጥበት ይበላል፤ ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ ያስፈልጋል። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ ያመልክቱ እንጂ የሰፈር ልጅ ምሰሶ ላይ አያውጡ። ምጣዱ ሳይሰካም ማታ ማታ 195 የሚያነቡ ከሆነ ጥፋቱ የርስዎ ቤት አይደለም። የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ እንዲህ ይሆናል።

አንድ ምልክት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ምጣዱ ሲሰካ አንዳንዱ አምፖል ደብዝዞ ሌላው ከወትሮው ይበልጥ ከደመቀ ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው ያጥፉ። ባለ ሦስት ፌዝ በሆነ (ሦስት የኃይል ሽቦ በሚገባበት) ግቢ ኒውትራሉ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ቮልቴጁ ያለ ልጓም ይከፋፈላል፤ አንዱ ቤት 120 ሲያገኝ ሌላው ከ300 በላይ ሊደርሰው ይችላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በደቂቃ ይቃጠላል።

ወደ ጎረቤትዎ ምክር ስመለስ፣ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለ2.5 ሽቦ 16 ወይም 20 አምፒር፣ ለ4 ደግሞ 25 ይገጠማል። በ2.5 ላይ 40 ቢገጠም ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ነድዶ ሳለ ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል። በዚያ ላይ ልል ማያያዣ ከረንቱን ከ16 ወደ 15 እንደሚቀንስ አይተናል፤ ብሬከር የሚወርደው ከረንት ሲበዛ ስለሆነ ትንሹም ትልቁም የሚቃጠል ስፒናን አያየውም። የወንድምዎ ስታቢላይዘር ደግሞ 205 ገብቶለት 220 ለማውጣት ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፤ 15 የነበረው ከ17 ያልፋል፣ ያ ልል ብሎን ላይ ያለው ሙቀት ሲሶ ያህል ይጨምራል።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ከሳጥኑ እስከ ማድቤት ባለ 4 የመዳብ ሽቦ፣ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው መከላከያ ሽቦ)፣ መሐል ላይ ቅጥያ ሳይኖረው ይዘርጋ። የራሱ 20 አምፒር ብሬከር ይኑረው። ለሰዓታት ለሚሠራ ምጣድ የተለመደው 16 አምፒር ሶኬት ጠርዝ ላይ ስለሚሆን፣ ባለ 32 አምፒር የኢንዱስትሪ ሶኬትና ስፒና ይግጠሙ፤ ወይም ስፒናውን ጭራሽ ትተው በግድግዳ ማጥፊያ በኩል በቀጥታ ይታሰር። ዲቫይደር ፈጽሞ አይግባበት። የምጣዱ ገመድ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ስላለው ጫፉ በትንሽ የብረት ቱቦ ተጨምቆ ብሎኑ ሥር ይግባ፤ በቆርቆሮ ብየዳ የሚያጠነክሩት አሉ፣ ብየዳው ግን በብሎኑ ግፊት እየሸሸ ከወራት በኋላ ይላላል።

ኧርዙን ወጪ ለመቀነስ ብለው አይተዉት። የምጣዱ አካል ብረት ነው፣ እጅዎ ሊጥ የነካ እርጥብ ነው፣ ከሸክላው ሥር የተዘረጋው የሚግል ሽቦ ደግሞ ሸክላው ሲሰነጠቅ ብረቱን ሊነካ ይችላል። ከኧርዙ በተጨማሪ፣ 30 ሚሊ አምፒር ከመንገዱ ወጥቶ ሲፈስ ሲያይ የሚያጠፋ መከላከያ ሳጥኑ ውስጥ ይጨመር።

ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ሠራተኛው ፊትዎ ቆሞ፣ ምጣዱ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይለካ። በባለ 4 ሽቦ፣ በዚህ ርቀት፣ በሳሎኑና በማድቤቱ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት 3 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። 4 ቢሆን አልከራከርም። 7 ወይም 8 ካለ የሆነ ቦታ ያልጠበቀ ብሎን አለ፤ ዋናው ይጥፋና ካቻቢቴውን እንደገና ያንሣ።