አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ጫካ፦ የሩጫ ጫማ ጥያቄና መልስ ከጋሼ ሶል ጋር

ጋሼ ሶል፦ ክረምቱ ገባ፣ የጫማ ጥያቄም በዛ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የምትሮጡበትን መሬት ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ። ዋጋም አልናገርም፤ ዛሬ ያልኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

ሽሮሜዳ፦ ጋሼ፣ ከሽሮሜዳ በአስፋልቱ እንጦጦ ማርያም ድረስ እወጣለሁ። ከዚያ ጫካ ውስጥ እሮጥና ሰፈር ስደርስ ኮብልስቶን ነው። ያለኝ የአስፋልት ጫማ ነው፤ ጫካው ላይ ያንሸራትተኛል። የሶሉ ጥርስ ትልልቅ የሆነ ልግዛ?

ጋሼ ሶል፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ጫማውን ገልብጦ ጥርሱን ያያል። ጥርስ የሚሠራው ግን መሬቱ ለስላሳ ሲሆን ነው፤ ሰምጦ ይይዛል። ኮብልስቶን ላይ የሚሰምጥበት የለውም። እዚያ የሚይዝህ ጎማው ራሱ ነው፤ ለስለስ ካለና ድንጋዩን በሰፊው ከነካ። ረጅምና የተራራቀ ጥርስ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚነካው ቦታ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጭቃ ላይ ጀግና የሆነው ጫማ ሰፈርህ ስትደርስ ሊዘርርህ ይችላል። አስፋልቱ ደግሞ ጥርሱን ቶሎ ይበላዋል።

ላንተ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል። ከ5 በላይ የጭቃ ነው። ሶሉ ላይ ቪብራም ሜጋግሪፕ የሚል ካየህ እርጥብ ድንጋይ ታስቦበት የተሠራ ጎማ ነው።

ደግሞ ጫማ የሚመረጠው ለቁልቁለት ነው። ይሄን ስል ስንት ጊዜዬ ነው! ዳገቱን በምንም ጫማ ትወጣዋለህ። ስትወርድ ግን እግርህ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ጣትህ ጫፉን ይመታል፣ ጥፍርህ ይጠቁራል። ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይሁን። ተረከዝህ ግን ንቅንቅ እንዳይል። ማታ ለካ፤ እግር ሲውል ያብጣል። የምትሮጥበትን ካልሲ አድርገህ ለካ።

ሰሚት 72፦ ምርጡ የትሬል፣ ማለቴ የጫካና የተራራ መሮጫ ጫማ የቱ ነው?

ጋሼ ሶል፦ የት?

ሰንዳፋ፦ እኛ ጋ መሬቱ መረሬ ነው። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ተጣብቆ ጫማው ድንጋይ ይሆናል።

ጋሼ ሶል፦ መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ መካከሉ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ሶል ይዘህ ቀረህ። ላንተ ነው እንግዲህ ረጅሙና የተራራቀው ጥርስ። ሳሎሞን ስፒድክሮስ የሚባለው ጫማ ስሙን ያገኘበት ሥራ ይሄ ነው። ግን ለጭቃው ብቻ አድርገው። አስፋልት ላይ እየሮጥክ ጥርሱን ካስጨረስክ በኋላ አትውቀሰኝ።

የካ፦ ውኃ የማያስገባውን፣ ጎርቴክስ ያለውን ብገዛስ?

ጋሼ ሶል፦ አይሆንም። በአፉ የገባ ውኃ መውጫ ያጣል። ቶሎ የሚያፈስ ስስ መረብ ይሻልሃል።

የአገሬ ልጅ፦ ኧረ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?

ሽሮሜዳ፦ ቶኪዮ ላይ ጫማ ነበረው ወንድሜ።

የአገሬ ልጅ፦ እሺ ሮምስ? አያቴም በበረባሶ ነው አገር ያዳረሰው። ጥፍሩ ጠቁሮ አያውቅም።

የካ፦ በረባሶ ክፍት ነው፤ ጥፍሩ ምኑን ይመታል?

ጋሼ ሶል፦ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም፣ በባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። በ1964 ቶኪዮ፣ በጫማ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ሁለቱም ያኔ የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበሩ። በረባሶው የመኪና ጎማ ነው፣ አያልቅም፤ ቁልቁለት ላይ ግን እግር ይንሸራተትበታል። በቃ፣ ወደ ጫማችን።

የአገሬ ልጅ፦ እኔ ግን አሁንም በረባሶ...

ጋሼ ሶል፦ በቃ አልኩ።

ምናለሽ፦ አዲስ የምገዛበት አቅም የለኝም። ሳልባጅ ስገዛ ምኑን ልይ?

ጋሼ ሶል፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ላዩ ታጥቦ ስለሚያብለጨልጭ እሱን ተይው። መጀመሪያ ሁለቱን ጫማ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጪና ከኋላ እይ። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው አረጋገጥ ገዛሽ ማለት ነው። ቀጥሎ ከላዩና ከታችኛው ጎማ መካከል ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣትሽ ጫን በይ። ገብቶ መመለስ አለበት። ከደነደነ ወይም የተሸበሸበ መስመር ከሞላው አልቋል። ስፖንጅ ተቀምጦም ያረጃል፤ ስለዚህ «አልተነካም» ቢሉሽም ጫን በይ። ከዚያ በአውራ ጣት ሥር ያለውን ጥርስ ከመካከለኛው ጥርስ ጋር አስተያዪ፤ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። መጨረሻ ጫማውን እጠፊው። ሶሉ ጠርዝ ላይ ከተላቀቀ ሊስትሮ በማስቲሽ ይመልሰዋል፤ ያ ችግር አይደለም። የሞተ ስፖንጅ ግን ማስቲሽ አያስነሳውም። አዲስም ብትገዢ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው ዕድሜው የሚባለው። ያልኩት የአውራ ጣት ክፍተት ለሳልባጅም ይሠራል፤ «ትንሽ ይጠባል ግን ይሰፋል» ብሎ ነገር የለም።

ዱባይ፦ ጋሼ፣ ዓርብ ዓርብ ሀታ ተራራ ላይ እሮጣለሁ። ጭቃ የሚባል የለም፤ ሹል ድንጋይ ነው። ውስጥ እግሬን ይወጋኛል።

ጋሼ ሶል፦ ሶሉ ውስጥ ድንጋይ የሚከላከል ስስ ሳህን ያለውን ፈልጊ እህቴ። ወፍራም ስፖንጅ ያለውም ይከላከላል፣ እንደ ሆካ ስፒድጎት ዓይነቱ። ግን ከፍ ባለ ቁጥር ቁርጭምጭሚት ለመታጠፍ ይቀርባል፤ ሰፊ መሠረት ያለውን ምረጪ።

ሰሚት 72፦ ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሳህን ያለውስ? ለጫካ ይሆናል?

ጋሼ ሶል፦ የአስፋልቱን ከሆነ የምትለው፣ ለአስፋልት ውድድር ተወው።

ጎፋ፦ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። 42 ነኝ፤ ምን ልበለው?

ጋሼ ሶል፦ 42 ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ወረቀት ላይ ቁም፣ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለካ። ሁለቱንም እግር። ትልቁን በሴንቲ ሜትር ላክለትና የኩባንያውን ሰንጠረዥ ይይ። ክፍተቱን አትርሳ።

ቃሊቲ፦ ጉልበቴን ያመኛል። የትኛው ጫማ ይሻለኛል?

ጋሼ ሶል፦ ሐኪም።

ሰሚት 72፦ ጋሼ፣ የኔን እኮ አልመለሱልኝም። ጥሩ የትሬል ጫማ የቱ ነው?

ጋሼ ሶል፦ የት ነው የምትሮጠው?

ሰሚት 72፦ የተደባለቀ ቦታ።

ጋሼ ሶል፦ አቦ! ምን ከምን ጋር ነው የተደባለቀው?

ሽሮሜዳ፦ ሃሃ፣ ጋሼን አናደድከው። አስፋልት፣ ጫካ፣ ኮብልስቶን... አንዱን በል።

ሰሚት 72፦ አብዛኛው አስፋልት፣ ትንሽ ኮረኮንች።

ጋሼ ሶል፦ ይኸው! የትሬል ጫማ ጭራሽ አያስፈልግህም። ያለህ የአስፋልት ጫማ ሶሉ ልሙጥ ካልሆነ በሱ ሩጥ። ብርህን ያዝ።

የካ፦ የመጨረሻ፣ ጋሼ። ጭቃ ውስጥ ገብቶ የመጣ ጫማ እንዴት ይድረቅ? እኔ ከሰል አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

ጋሼ ሶል፦ ኧረ በስመ አብ! ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ስፖንጁንም ይገድላል። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃና በብሩሽ አጥበው። የውስጡን ሶል አውጣ፣ ማሰሪያውን ፍታ። ጋዜጣ ጠቅጥቅበትና ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይር። ጠዋት ካልደረቀ በሌላ ጫማ ሩጥ።