ፓምፑን የሚያቃጥለው የታችኛው ሮቶ ነው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንደገባኝ፦ ቤትህ አራት ኪሎ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ግቢ ወዳለው ሮቶ ይገባል፣ ከዚያ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋዋል። ላይኛው ሲሞላ የሚያጠፋ አንድ ፍሎት ስዊች (ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈ መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ገዝተሃል፤ የፓምፑን ፌዝ (ኃይል ያለበትን ሽቦ) በቀጥታ በእሱ ልታሳልፍ ነው።

ይሠራል፤ ግን አትቸኩል። ላይኛው ሞልቶ ቢፈስ ጎረቤት ይቆጣል እንጂ ፓምፕህ አይጎዳም። የፓምፑን «ሲል» (ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግደውን ማሸጊያ) የሚያቀዘቅዘው ራሱ ውሃው ነው፤ ታችኛው ደርቆ ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ሲሉ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ፍሎት ያስፈልግሃል፣ ቅድሚያውም የታችኛው ነው።

ፍሎቱ ላይ «10» ተብሎ በቅንፍ «4» የሚል ቁጥር ካየህ፣ ለሞተር የሚሠራው በቅንፍ ያለው ነው። የአንተ ፓምፕ ከ5 እስከ 6 አምፔር ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ። ይህ ሁሉ በፍሎቱ ካለፈ ውስጡ ያለው ኮንታክት (መስመሩን የሚያገናኘው ብረት) ተጣብቆ ይቀርና ፍሎቱ ተንሳፎም ፓምፑ አይጠፋም። መፍትሔው የሞተሩን ኃይል በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አሳልፎ፣ ፍሎቶቹ የማግኔቱን ጥቅል ሽቦ፣ ማለትም ኮይሉን ብቻ እንዲያዙ ማድረግ ነው።

ኮንታክተሩ ባለ 9 አምፔር፣ ኮይሉ 220 ቮልት ይሁን። ከሥሩ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር የምትሞላው ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያጠፋ)፣ ከፊቱ 10 አምፔር የሲ ዓይነት ብሬከር እና 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያቋርጥ)። ለሞተሩ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ከኧርዙ (ከመሬት ሽቦው) ጋር።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በኮንታክተሩና በኦቨርሎዱ የሽቦ ማሰሪያዎች ላይ የተጻፉት ናቸው። ፌዙ በኮንታክተሩ 1 ገብቶ በኦቨርሎዱ 2 ይወጣል። ኒውትራሉ በ3 ገብቶ በ4 ይወጣና እንደገና በ5 ገብቶ፣ በ6 በኩል ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ይህን ዙር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኦቨርሎዱ የተሠራው ለሦስት ፌዝ ስለሆነ አንዱ ባዶ ከቀረ ፌዝ የጎደለ መስሎት ያለ ምክንያት ፓምፑን ያጠፋል።

የኮይሉ መስመር፦ ፌዝ ከብሬከሩ ወደ 95፣ ከ96 ወደ ታችኛው ፍሎት፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ፍሎት፣ ከዚያ ኤ1። ኤ1 እና ኤ2 የኮይሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። ኤ2 ኒውትራል ነው፤ እሱም ከዚያው አርሲዲ ሥር ይውጣ፣ አለዚያ ፓምፑ ሊነሳ ሲል አርሲዲው ይወድቃል።

የታችኛው ፍሎት ሲንሳፈፍ መስመሩን ማገናኘት፣ የላይኛው ሲንሳፈፍ ማቋረጥ አለበት። የሽቦዎቹን ቀለም አትመን፣ ከአምራች አምራች ይለያያል። መብራት አጥፍተህ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) መስመር ሲገናኝ ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ ላይ አድርግና ፍሎቱን በእጅህ እያነሳህ ለካ። የማያስፈልገው የፍሎቱ ሦስተኛ ሽቦ አንዳንዴ 220 ስለሚኖርበት ጫፉን ለብቻው ሸፍነው። መገጣጠሚያውን ሮቶ ውስጥ አታድርግ፤ ከሮቶው ውጭ፣ ገመዱ ከታች በሚገባበት ሳጥን ውስጥ ይሁን።

በፍሎቱ ገመድ ላይ የሚታሰረው ክብደት ከፍሎቱ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚነሳበትንና የሚጠፋበትን ከፍታ ይወስናል። አሳጥረህ ካሰርከው ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ፓምፑ ይነሳል። የታችኛው ደግሞ ውሃው ከመምጠጫው አፍ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ያጥፋ፣ አየር እንዳይስብ።

ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ ኮንታክተሩ ትር ትር ይላል፣ ኮንታክቱም ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ወዲያው መነሳት የለበትም። ለሁለቱም የሚበቃ የመዘግየት ሰዓቱ የሚስተካከል የቮልቴጅ መከላከያ አለ፤ 3 ደቂቃ ላይ አድርገው።

የፓምፑ ካርቶን ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚለውን እዚህ እርሳው። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው፤ ፓምፑ ከሮቶው ሥር፣ ከውሃው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

ሲያልቅ የሞተሩን ገመድ ነቅለህ መጀመሪያ ኮንታክተሩን ብቻ ፈትን። የታችኛውን ፍሎት ስታነሳ ይይዛል፣ የላይኛውንም ስታነሳ ይለቃል። ከዚያ የአርሲዲውን መፈተሻ ቁልፍ ተጫን፤ ካልወደቀ ሞተሩን አታገናኝ።