ፒዲኤፍ በብሮውዘር ብቻ እየተከፈተ ላስቸገራቸው

በባሕር ዳር ፖሊ ግቢ አቅራቢያ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠሩ ጠያቂ፣ ፒዲኤፍ ፋይሎች በአዶቤ ሪደር እንዲከፈቱ ደጋግመው ቢያስተካክሉም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ኤጅ ብሮውዘር እየተመለሱ፣ የተማሪዎችን ጽሑፍ በቡክሌት መልክ ማተም እንዳስቸገራቸው ጽፈውልኛል። ነባሪው መክፈቻ ዳግም እንደተቀየረ የሚገልጽ መልእክት በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ብቅ እንደሚልም ጠቅሰዋል።

መልእክቱን ባይጠቅሱ ኖሮ የዊንዶውስ ማሻሻያ ያመጣው ነው እል ነበር። አሁን ግን የምጠረጥረው ቀደም ሲል ኮምፒውተሩን ያስተካከለልዎትን ሰው ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ አንድ የፋይል ዓይነት በምን እንደሚከፈት የመረጡት ምርጫ በሪጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያኖርበት መዝገብ) ውስጥ ዩዘርቾይስ በሚባል ቦታ ይመዘገባል፤ ከጎኑም ከፋይሉ ዓይነት፣ ከተጠቃሚው መለያ፣ ከፕሮግራሙና ከተመዘገበበት ሰዓት ተቀምሮ የሚወጣ ሃሽ የሚባል የማረጋገጫ ኮድ ይቀመጣል። አንድ ሰው ምርጫውን ራሱ ሪጅስትሪው ውስጥ ገብቶ ወይም ከፍላሽ ባመጣው ስክሪፕት (ትእዛዞችን በራሱ በሚፈጽም አጭር ፋይል) ሲለውጠው፣ ጽሑፉ ተቀይሮ ማኅተሙ የድሮው እንደሆነ የቀበሌ ደብዳቤ ይሆናል፤ ዊንዶውስም ምርጫውን ጥሎ ወደ ራሱ ብሮውዘር ይመልሰዋል። ሁለት ደቂቃ ለመቆጠብ ሲባል የሚሠራ እንዲህ ያለ ጥገና ደንበኛን ለወራት ያንከራትታል።

በመጀመሪያ፣ ከየትም ተቀድቶ የመጣ፣ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ የተሰበረ) ሪደር ካለ ከኮምፒውተሩ ያስወግዱና ነፃውን ከአዶቤ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። ቀጥሎ ፒዲኤፉን በቀኝ ክሊክ ነክተው ኦፕን ዊዝ፣ ከዚያም ቹዝ አናዘር አፕ ይበሉ፤ ሪደሩን መርጠው በዊንዶውስ 11 ኦልዌይስ የሚለውን ይጫኑ፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ከታች ያለችውን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት። ሳጥኗ ከተዘለለች ምርጫው ለዚያች ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ለሙከራ የሚከፍቱት ፋይል ግን ከደንበኛ ፍላሽ የመጣ አይሁን። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች (ከፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ፊደላት) ስለሚደብቅ፣ የፒዲኤፍ ምልክት የለጠፈ የኢኤክስኢ፣ ማለትም የፕሮግራም ፋይል ዓይን ያታልላል። በፋይል ኤክስፕሎረር ቪው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ያብሩት፤ ቅጥያውን ሳያዩ ከፍላሽ ላይ ምንም ነገር በድርብ ክሊክ አይክፈቱ።

መልእክቱ ከዚህ በኋላም ከተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ስክሪፕት ወይም የማጽጃ ፕሮግራም ቀርቷል ማለት ነው። በታስክ ማናጀር ስታርትአፕ ዝርዝር ውስጥ የማያውቁትን ዲሴብል ያድርጉና (እንዳይነሳ ያግዱና) ምርጫውን እንደገና ያስቀምጡ፤ እዚያ ካልተገኘ ፕሮግራሞችን በተወሰነላቸው ጊዜ የሚያስነሳውን ታስክ ስኬጁለርን ይመልከቱ።