«ማረቆ ፋና ነው» ተብለህ ዘር ከመግዛትህ በፊት

ጅማ ዙሪያ ሩብ ሄክታር ላይ በርበሬ ልትተክል ነው፤ «ገበያ ላይ ማረቆ ፋና የሚባለው የበርበሬ ዝርያ ነው ያሉኝን ዘር እንዴት ልለየው?» ብለሃል። ወንድሜ፣ አትለየውም። የማረቆውም የሌላውም ዘር ያው ቢጫማ፣ ጠፍጣፋ ነው። የሚለየው ዛላው ነው። ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት ሙሉ ከስሬያለሁ፤ አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

1. መጀመሪያ ምን እንደምትሸጥ ወስን፤ ቃሪያ ወይስ ዛላ? ለቃሪያ ለምለምና ቶሎ ቶሎ የሚለቀም ይበቃሃል። ለዛላ ግን ቆዳው ወፍራም፣ ሲደርቅ ቀለሙ የማይነጣ መሆን አለበት። ማረቆ ፋና የሚወደደው ትልቅና ወፍራም ስለሆነ፣ ሲደርቅም ጠቆር ያለ ቀይ ስለሚሆን ነው። ባኮ ሎካል የሚባል ዝርያም አለ። ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ዛላና መልካ አዋዜም አሉ። ግን ስሙን መስማት ብቻውን አይጠቅምህም።

2. ዘሩን ከማን እንደምትገዛ እወቅ። እኔ 200 ግራም የገዛሁት «የማረቆ ነው» ካለኝ ሰው ነው፤ ደረሰኝ የለ፣ ምልክት የለ። መደብ ላይ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም፣ ችግኙ አምሮ ደስ ብሎኝ ነበር። ማሳ ላይ ሲያፈራ አንዱ ቀጭንና ረጅም፣ አንዱ አጭርና ወደ ላይ የቆመ፣ አንዱ የተጣመመ ሆነ። እናቴ የደረቀውን አንድ ዛላ ሰበረችና «ይሄ ወጥ አያቀላም» አለች። ነጋዴውም ገና ሲያየው «ቅይጥ ነው» ብሎ ሁሉንም በርካሹ ዋጋ ጠራው። ሸጥኩ፤ ምን ላድርግ?

ለአቤቱታ የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «ማን ግዛ አለህ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ዘር መሸጥ የሚቆጣጠር ሰው ገበሬን እንዲህ አይናገርም።

3. በዓመቱ ዘዴ ቀየርኩ። አሰንዳቦ አካባቢ በርበሬው የቀላ አንድ ማሳ አየሁ፣ ባለቤቱን ሽማግሌ አስፈቅጄ ገባሁ። ጤነኛ የሆኑ፣ ፍሬያቸው ትልቅና አንድ ዓይነት የሆኑ ተክሎች መርጬ ክር አሰርኩባቸው። የመረጥኩት ከማሳው መሃል ነው። ንብ የአንዱን የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው ስለምትወስድ፣ ከሌላ ዓይነት ቃሪያ አጠገብ ያለ ተክል ዘሩ ይበረዛል። ችግሩ ደግሞ ፍሬው ዘንድሮ ደህና ይመስልሃል፤ የሚወጣብህ ከርሞ ነው። ሙሉ በሙሉ ቀልተው ሲበስሉ ለቀምኩ፣ ጥላ ላይ አደረቅሁ። ከዚያ ዘር የወጣው በርበሬ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር። ነጋዴዎቹ ቤቴ ድረስ መጡ፤ እናቴም ከራሷ ድርሻ ሌላ ጨምራ ወሰደች።

የታሸገ ዲቃላ፣ ማለትም ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ ዘር ከገዛህ ደግሞ ከምርቱ ለከርሞ ዘር አታስቀር። ከሱ የሚወጣው ልጅ እናቱን አይመስልም።

የጅማን ዝናብም አትርሳ፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ውሃ የሚተኛበት ለጥ ያለ ማሳ ከሆነ፣ የፈለግከው ዝርያ ይሁን፣ ሥሩ በስብሶ ተክሉ ይጠወልጋል። መስመሩን ከፍ አድርገህ ቦይ አውጣ። ቲማቲም ወይም ድንች የነበረበት ላይ አትትከል፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸው አንድ ነው። ወፍራም ዛላ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ መሬት ላይ አታስጣው፤ ቆጥ ሥራለት። ዝናብ ያገኘው ዛላ ይነጣል፣ ይሻግታልም።

ለዘንድሮ ካልቸኮልክ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማሳዬ ሲቀላ ና። ክሩን እኔ አመጣለሁ፤ ተክሉን አንተ ምረጥ።